ቅዳሜ የጾመው ሰርቨር

ሙሉቀን ያን ቅዳሜ አማች ለመሆን አንድ ምሳ ብቻ ነበር የቀረው። የሰገነት አባት የኔታ አምደሚካኤል ከይጁቤ የመጡት፣ ልጃቸውን ያስጠየቀውን ሰው በዓይናቸው አይተው እሺ ወይም እምቢ ሊሉ ነው። እሱም ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተሩን ወደሚያስተዳድርበት ሆቴል ጋበዛቸው። ሥራዬን ይዩልኝ ብሎ ነው፤ ልታይ ባይነት ሲጠናበት ምን ይደረግ።

ትናንት ከሰዓት አሮጌውን ሰርቨር አንሥቶ አዲስ ተክሏል። በአሮጌው ላይ የነበረው የትእዛዝ ፕሮግራም ቨርዥን ሁለት ነው፤ የአዲሱ ቨርዥን አምስት። የምግቡን ዝርዝር፣ ሥጋ የማይሸጥባቸውን የጾም ቀናት፣ ሁሉንም ሴቲንግ እንዳለ ገልብጦ አስገባ። በመካከሉ ምን እንደተለወጠ የሚናገር አርባ ገጽ ማብራሪያም አብሮ መጥቶ ነበር። ማን ያነበዋል? ማሽኑ «ተሳክቷል» አለው፤ በቃው።

አስተናጋጇ ታብሌቷ ላይ ዶሮ ወጥ ነካች። «ዛሬ ጾም ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጥብስ ነካች፤ ያው ነው።

የኔታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «በጥር፣ በቅዳሜ፣ የምን ጾም ነው?» አሉ።

ሙሉቀን ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ወጥ ቤቷ እትዬ የብርጓል የዶሮውን ድስት ከፊታቸው አስቀምጠው ቆመዋል። ትእዛዙ ታትሞ ካልወጣ ጭልፋ እንዳያነሡ ያሳሰባቸው ግን ራሱ ሙሉቀን ነው።

«እትዬ፣ በእናትዎ፣ ለዛሬ ብቻ።»

«ወረቀቱን አምጣ» አሉት።

ቸገረው። ተመልሶ ላፕቶፑን የኔታ ፊት ዘረጋው። «ይዩት የኔታ፣ ምንም አልነካሁም። የጾም ቀን አራትና ስድስት ይላል፤ አሮጌውም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

የኔታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። «ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው?» አሉ። «እኛ እሑድን አንድ ብለን ነው፤ ረቡዕ አራት፣ ዓርብ ስድስት። ይኸኛውስ?»

ሙሉቀን ማብራሪያውን ከፈተ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ያውም በደማቁ ተጽፎ፣ ከቨርዥን አምስት ጀምሮ ሳምንቱ ከሰኞ ይቆጠራል ይላል። ለካ ሆቴሉን ሐሙስና ቅዳሜ ሊያስጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሊያስገድፍ ነበር።

አራቱን ሦስት፣ ስድስቱን አምስት አደረገው። ወረቀቱ ወጣ፤ ዶሮውም መጣ። የኔታ በሉ፣ ጠጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ሰገነት ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ምን ብሎ ያንሣው።

በመጨረሻ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ስሕተቱን የሚደብቅ ሰው አልወድም። አንተ ፊቴ ዘረጋኸው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ሙሉቀን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«የሰርጉን ቀን ግን» አሉት፣ «የምቆጥረው እኔ ነኝ።»