የበግ ሆድ

ዕድላዊት የልጄ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ክረምት ሳይገባ ታመመች። ሕመሙ ሲለቃት ዓይኗን ይዞት ሄደ። ሰበታ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ቦታ ተገኝቶላታል፤ ሰኞ መግባት አለባት። አልሄድም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናቷ አጸደ ለመነቻት፤ እኔ ተቆጣኋት። ሁለታችንንም አልሰማችንም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አበባ አልለቀመችም። ድሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ እሷን የሚቀድም ልጅ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ኦቦ ጉታ በራችን ላይ ቆመ።

«ወንዳፍራሽ፣ ልጅቷን ቤት ውስጥ ልታሻግታት ነው?» አለኝ።

ሦስታችን ወደ ጋራው ወጣን። ዕድላዊት እጄን ይዛ ተከተለችኝ።

ጋራው አናት ላይ ብርድ ነው፤ ሣሩም አጭር ነው። ከእግሬ ሥር ቢጫ አበባ አየሁ። ከነቅጠሉ ነቅዬ መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

«እንኪ፣ አደይ።»

በጣቶቿ አገላበጠችው።

«አደይ አይደለም፣ አባባ።»

«ቢጫ ነው እኮ።»

«ቢጫ ቢሆንስ? አደይ ረጅም አገዳ አለው። ይሄ አንገት የለውም፤ ቅጠሉ መሐል ቁጭ ብሏል። እስቲ ቅጠሉን ከታች ይዳስሱት።»

ዳሰስኩት። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ታቹ ግን ነጭ፣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። እዚህ ጋራ ላይ ስመላለስ አርጅቻለሁ፤ አንድ ቀን ገልብጬው አላውቅም። እኛ በመስከረም ቢጫ ያየነውን ሁሉ አደይ ብለን እናልፋለን።

«ኦቦ ጉታ፣ በኦሮምኛ ምን ይሉታል?» አለችው።

«ኬሎ።»

«አደይንስ?»

«እሱንም ኬሎ» አለና አገጩን አከከ።

«እናንተም ያው ናችሁ!»

ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ገና ያን ጊዜ ሰማኋት።

ተንበርክኬ ሌላ ፈለግሁ። ያገኘሁትም እንደ ፊተኛው መሬት የያዘ ቢጫ ነው፤ ለእኔ ዓይን ልዩነት አልነበረውም። ተቀብላ ታቹን ዳሰሰች። ቅጠሉን ስትቀነጥሰው ወተት ወጣውና ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ይሄ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ፀጉር የለውም፤ መላጣ ነው። ስሙን ኦቦ ጉታ ብየዋለሁ።»

ጉታ ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበ። «ማሎ፣ እባክሽ! በሽበቴ ልሰደብ?»

«የቱ ሽበት?» አለችው።

«የፊተኛውስ ማን ይባል?» አልኩ።

«የበግ ሆድ።»

ሌላ ስም ይኖራቸው ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። እሷ ግን ሁለቱንም ደጋግማ ዳሰሰች። ከዚያ፣

«ሰበታ ጋራ አለ?» አለች።

«ወጨጫ አለ። ከከተማው በላይ ነው።»

«የበግ ሆድ ይበቅልበታል?»

ጉታ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዓይኔ ገሠጽኩት።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።

«እዚያ ያሉት ልጆች ያውቁ ይሆን?»

«ጠይቂያቸው።»

ተቀምጣ በጣቷ አፈሩን ቆፈረችና አንድ የበግ ሆድ ከነሥሩ አወጣች። ጉታ ውኃ የያዘበትን ሃይላንድ በቢላ ቆርጦ አፈር ሞላላት።

ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ ሃይላንዱን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ረዳቱ፣ «ዕቃው ከወንበር ሥር ይሁን» አላት።

«ዕቃ አይደለም» አለችው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ እጄን ቀድማ የለቀቀችው እሷ ናት።

ዓርብ ስልክ ደወለች።

«አባባ፣ ወጨጫ ላይ የበግ ሆድ የለም ይላሉ።»

«ማን አለ?»

«ክፍላችን ያሉት ሁሉ። ቢጫውን ሁሉ አደይ ነው የሚሉት፤ ምን ያውቃሉ? ነገ ወጥተን እንፈልግ። አስፈቅጃለሁ፤ አራት ነን።»

«እሺ፣ እመጣለሁ።»

«ኦቦ ጉታም ይምጡ። መላጣውን አስዳስሳችኋለሁ ብያቸዋለሁ።»