ግንቡ ላይ የተሰጣው ልብስ

ጎረቤታችን ሳኒዬ አጥር ተደግፋ ለምራቷ ስታወራ ጆሮዬ ጥልቅ አለ። "ቫን ሐይቅ ዳር ያለውን ግንብ ወታደር አተረፈው ይላሉ፤ ውሸት! ያተረፈችው አንዲት ልብስ አጣቢ ናት፤ ለዚያውም የሰው ደም አፍስሳ" አለቻት። እንግዲህ ኃጢአቱ በሳኒዬ።

ሴትየዋ ጉልፔሪ ትባላለች። ያኔ ፓሻ የሚሉት ሹም ከነጦሩ ግንቡን ከቦ፣ የምንጩን ቦይ ሰብሮ ሠላሳ ቀን ተቀምጧል። ሐይቁ እግራቸው ሥር ነው፤ ግን ማን ይጠጣዋል? ሶዳ ያለበት ነው፣ እንደ ሳሙና አንጀት ያቃጥላል። ጉድጓዱም ጭቃ ብቻ ቀርቶታል። ባሏ በመጀመሪያው ሳምንት ጉሮሮውን በቀስት ተመትቶ ሞቷል። የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ማልቀስ አቅቷታል።

"ክፈቱና ጠጡ! ማንም አይነካችሁም!" እያለ ይጮኻል የፓሻው ሰው ከታች።

የበሩ ጠባቂ ዋርሳዋ ዱርሱን ነው። "እንክፈት እንጂ ጉልፔሪ፤ ልጅቷ እኮ ልትሞትብሽ ነው!"

"ማዶ ግንብ ያሉት ከፍተው አልነበር? ሕፃን ሳያስቀሩ ነው ያረዷቸው። ሂድ ወዲያ!"

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በሐይቁ በኩል ባልዲ በገመድ እያወረደች የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ታጥብ ጀመረች። የዚያ ሐይቅ ውሃ ሳሙና አይፈልግም። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ፣ ጦሩ እያየ፣ ግንቡ ላይ ታሰጣዋለች።

"የማንን ሱሪ ነው ለፓሻው የምታሳዪው? ልትዳሪለት ነው እንዴ?" አለቻት ጓደኛዋ ሁስኒዬ።

"ሩቅ አገር ያደገ ሰው ነው፣ ሐይቁ እንደሚያጥብ አያውቅም። ለልብስ የሚተርፍ ውሃ አላቸው ብሎ ይሂድልን።"

ፓሻው መሄዱን ትቶ በገነ። "ጥም ካልገደላቸው ሰይፍ ይገድላቸዋል!" ብሎ መሰላል አስነሣ።

ሴቶቹ የልብስ ማጠቢያውን የሐይቅ ውሃ በጋን አፍልተው ቁልቁል ደፉት። ሶዳው ዓይን ይልጣል፤ የወጣው ሁሉ ፊቱን ይዞ እየጮኸ ይወድቃል። ሁስኒዬ ሁለት ጣቷን ሰይፍ በላው፤ በደህናው እጇ ቆራጩን በጢሙ ይዛ ገደል ሰደደችው።

ጉልፔሪ እንጨት ልታመጣ ስትወርድ፣ ዱርሱን የበሩን መወርወሪያ ግማሽ አንሥቶታል።

"ተው!"

"ልጅሽን ላድንልሽ ነው!"

የልብስ መደብደቢያዋን አነሣች። አንዴ እጁን፣ አንዴ ጆሮ ግንዱን። አልተነሣም። መወርወሪያውን መልሳ በጀርባዋ ደገፈችው፤ ከውጭ በጠገራ ሲመቱት አጥንቷ ድረስ ይሰማታል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ በሩም መሰላሉም እንቢ ቢለው፣ ጦሩ ሬሳውን ጥሎ ሄደ። ሰዉ ወደ ምንጩ ሮጠ። ልጅቷ ጠጣች፣ አስመለሰች፣ ደግማ ጠጣች።

ገና ከንፈራቸው ሳይደርቅ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ሐጂ በኪር ጉሮሯቸውን ጠርገው "የባሏን ወንድም ገድላለች። ደም በደም ነው" አሉ። "እውነት ነው!" አለ ሌላው። "ሴት ወንድ ገድላ ዝም ከተባለ ነገ ሁሉም ዱላ ታነሣለች!" ጉልፔሪ ልጇን አቀፈች።

ሁስኒዬ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መሃል ገባች።

"ሐጂ፣ በሩን ሊከፍት ሲል ነው የመታችው። መጀመሪያ ሁላችሁም አንገታችሁን ዳብሱ። ካገኛችሁት፣ ያኔ ጠይቋት።"

ሐጂ በኪር አንገታቸውን ዳበስ አድርገው ወደ ቤታቸው አዘገሙ።