ከላይ ነው ከታች?

«የትኛው ነው የሚያምሽ?» ብሎ ጠየቀኝ የመጀመሪያው ሐኪም። አላወቅሁም። ግራ ጉንጬን በሙሉ ያመኛል፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኛል። «አላውቅም» ማለት ግን አሳፈረኝ። የገዛ አፌን ካላወቅሁ ሌላ ምን ላውቅ ነው? ጣቴን የታችኛው መንጋጋዬ ላይ አድርጌ «ይሄ ነው» አልኩ።

«እስቲ መጀመሪያ ራጅ እናንሳው» አለኝ።

«ራጅ ምን ያደርጋል? የሚያመው እኔን አይደለም እንዴ? ይንቀሉልኝና ልገላገል!»

በእኛ ቤት ያመመ ጥርስ ይነቀላል። እናቴም ታላቅ እህቴም እንደዚያው አድርገዋል። አክስቴማ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው አፍራ እንጂ ጨዋነት ይዟት አይደለም። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ ጥርስ አሳየሁት። ነቀለው። በጥጥ ጠቅልዬ፣ በመሐረቤ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ ሕመሙ እንዳለ ነበር። ቁስሉ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቁስሉ ደረቀ፤ እኔ ግን ትኩስ ነገር በቀመስኩ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። የሕመም ማስታገሻ ስውጥ ጋብ ይላል፤ ተመልሶ ይመጣል።

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ደግሞ ጉንጭሽን ያዝሽ?»

«ነፋስ መትቶኝ ነው።»

«ነፋሱ አንድ ጉንጭ መርጦ ነው የሚመታው?» አለችና መቀሷን አስቀምጣ ይዛኝ ወጣች።

ሁለተኛዋ ሐኪም በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እሷም ያንኑ ጠየቀችኝ፤ «እናቴ፣ የትኛው ነው የሚያምዎት?» ልጄን አየኋት። ከዚያ «አላውቅም» አልኩ።

«ጥሩ። ነርቩ ሲታመም ከላይ ይሁን ከታች ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አይለየውም። ፍለጋው የእኔ ሥራ ነው።»

ጥርሶቼን አንድ በአንድ በመስታወቷ እጀታ ነካ ነካ አደረገች። ቀጥሎ የቀዘቀዘ ጥጥ አመጣች። «ቅዝቃዜው ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ፤ ሲተውዎት ያውርዱ።» እጄ ወጣ፣ ወረደ፤ ወጣ፣ ወረደ። የላይኛው መንጋጋዬ ላይ ስትደርስ እጄ እንደተሰቀለ ቀረ።

«እማዬ፣ ጥጡን አንስታዋለች እኮ፤ አውርጂው!»

«አልተወኝማ!»

ራጁ ላይ በሁለት ጥርሶች መካከል የተደበቀ ቀዳዳ ታየ፤ ነርቩ ጋ ደርሷል። መሐረቤን ፈታሁና የተነቀለውን ጥርስ ሰጠኋት። መብራቱ ሥር እያገላበጠች አየችው። «ምን እንደነበረበት አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለች ዝግ ብላ፤ «ቀዳዳ ግን የለውም።»

እኔ ምን አልኩ? «እንግዲያው የላይኛውን ንቀይልኝ!»

«ማትረፍ ይቻላል፤ ከነቀልነው ግን በዚህ በኩል ማኘክ ይቸግርዎታል። የታመመውን ነርቭ አውጥተን፣ ሥሩን አጽድተን እንሞላዋለን።»

«ነርቩ ሲወጣ ዓይኔን አይነካም? ጭንቅላቴንስ?»

«ዓይንዎ ሌላ ሰፈር ነው እናቴ።»

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ ላስቲኩ የበሰበሰ ቀሚስ ሲመጣልኝ እጥለዋለሁ? የድሮውን ስቤ አወጣለሁ፣ አዲስ አስገባለሁ፣ እሰፋዋለሁ። ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው።»

ይሄ ገባኝ፤ አፌን ከፈትኩ። ማደንዘዣው ሲወጋኝ ቆንጠጥ አደረገኝ እንጂ ከዚያ በኋላ አላመመኝም። ምራቄ እንዳይገባ በጥርሱ ዙሪያ ስስ ጎማ ወጠረች፤ መርፌ በሚያካክሉ ሞረዶች ውስጡን ስትጠርግ ድምፁ ብቻ ይሰማኝ ነበር። የሰለቸኝ አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው።

«ዛሬ የደፈንኩት ለጊዜው ነው» አለችኝ ስትጨርስ። «ሲነክሱበት ትንሽ ቀናት ሊያምዎት ይችላል። ካበጠ ወይም ከባሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ሕመሙ ጭራሽ ቢጠፋም ይመለሱ፤ ሥራው አላለቀም።»

ሕመሙ ጠፋ። በሰላም በላሁ፣ በሰላም ተኛሁ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «ድኛለሁ፣ ምን አስኬደኝ?» አልኩ። ልጄ ክር እየበጠሰች ነበር።

«በስፒል የያዝኩልሽን ቀሚስ ‹ተሰፍቷል› ብለሽ ሠርግ ትሄጂበታለሽ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ጥርስሽም አሁን በስፒል ነው ያለው።»

በምላሴ ባዶውን ቦታ ነካሁት። ሳላውቅ «ይሄ ነው» ያልኩ ቀን የሆነውን አስታወስኩ፤ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ የመንገድ ጫማዬን አደረግሁ። ሐኪሟ ሥሩን ሞላችው፤ በሌላ ቀጠሮ ደግሞ እንዳይሰበር ክዳን አለበሰችው። «ዕድሜ ልክ ይቆያል ብዬ አልምልልዎትም» አለችኝ፤ «ግን በደንብ ከያዙት ይቆያል።»

ማታ ፊደል አብራኝ የምትማር ሴት በቀደም ጉንጯን ይዛ መጣች። «የታችኛው ነው መሰለኝ» ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ልትከት ስትል እጇን ያዝኩት። «ካላወቅሽ ሐኪሞቹን አላውቅም በያቸው፤ እነሱ ይፈልጉት» አልኳት።

ደህናው የታችኛው ጥርሴ ሄደ። የታመመው የላይኛው ቀረ።