ጣሪያ ላይ የተሰጣው ኤርበድ

እዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ከተገኘች ቀኝ ጆሮዬ ይደንቁር። አንዱ ያንሳል የሚል ካለ ግራውንም እጨምራለሁ። የቀራንዮው መድኃኔዓለም ያውቃል፣ እኔ ደግፌ ስናገር እቀንስ ይሆናል እንጂ ጨምሬ አላውቅም። ምስክር የሚፈልግም አይቸገር፤ ባለቤቴ ሰርኬ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ለልጃችን ሠርግ የምትለብሰውን ነጠላ ትቋጫለች። እኔ ጥቂት ስጽፍ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ እሷ "እህ" ትላለች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ "እህ" ማለት "እውነት ነው" ማለት እንደሆነ ተግባብተናል።

የምጽፈው ለእሁድ ነው። እሁድ ልጄ ሳምሪ ትዳራለች። ሙሽሮቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ማይኩን እቀበልና ይህን ለሁለቱም ወገን አነባለሁ። አማቼ ቃለጽድቅ እንዴት ያለ እፍረት ላይ ወድቆ እንደነበረና ማን እንዳነሳው ዘመዶቹ ይወቁት። የሚያሳፍር ታሪክ ነው። ቢሆንም እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ በሠርግ ቀን ካልተነገረ መቼ ይነገራል?

ቃለጽድቅ አየር ጤና ቀለምና ምስማር የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ጠርጎ ሲጨርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል። ይህ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለሳምሪ ልደት ኤርበድ ገዛላት። ያ ገመድ የሌለው፣ እንደ ባቄላ ጆሮ ውስጥ የሚወሸቅ ማዳመጫ ነው። የሚተኛበት ትንሽ ሳጥን አለው፤ ቻርጅ የሚያደርገውም እዚያው እንደተኛ ነው። ሲርበው ቀይ ያበራል፣ ሲጠግብ አረንጓዴ።

አባት ነኝና ዕቃውን መመርመር ነበረብኝ። ልጄ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ነገር ሳላውቅ ልደር? ሳምሪ አንዳንድ ቀን ረስታው ሥራ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ጥራቱን ለመቆጣጠር ያህል ጆሮዬ ላይ አድርጌ ኳስ አዳምጥበት ነበር። ኳስ ከሌለ የድሮ ዘፈን። ይህን ሰርኬ እንኳ አታውቅም።

"እህ" አለች ሰርኬ።

በዚያው ሰሞን እኔ ሕክምና ላይ ነበርኩ። መሐል አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ በእፍኝ ደፍቼ፣ በፌስታል አስሬ፣ በላዩ የሹራብ ኮፍያዬን ደፍቼ ቤት እውላለሁ። ጸጉር ለማብቀል ነው የሚሉ ጠላቶቼ ናቸው። ለራስ ምታት ነው። በእርግጥ ጥቂት ጸጉር በቅሎልኛል፤ ሐኪሞች ሰምተው መጥተን ካላየን ብለው ቢለምኑኝም አልፈቀድኩም። ይህ ግን ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እንለፈው።

አንድ ጠዋት ሳምሪ ሳጥኑን ከፍታ ጮኸች።

"አባዬ! ኤርበዴ ቻርጅ አልገባውም። መብራቱም አይበራም!"

"መብራት ጠፍቶ እንዳይሆን።"

"መብራትማ አለ። ስልኬ ይኸው ቻርጅ ላይ ነው።" ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። "ነክተኸዋል እንዴ?"

"እኔ? የሰው ዕቃ?"

ኮፍያዬን አየችው። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

"ወዲህ በይው" አልኳት። "ከሥራ ስትመለሺ እንደ አውራ ዶሮ ሲጮህ ታገኚዋለሽ።"

እኔን የማያውቅ አንባቢ ካለ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ቁርስ መሆኑን ይወቅ። የሰፈራችን ትራንስፎርመር የፈነዳ ጊዜ፣ መሐንዲሶቹ መሰላል ላይ ተንጠልጥለው "ጋሽ ደግፌ፣ የቱን ሽቦ እንቁረጥ?" ብለው የጠየቁት እኔን ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ቆሼ ድረስ አምፖል የሚበራው በእኔ ቃል ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ። ቀጥሎ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን። ምናልባት የእኛ ቤት ኃይል ደክሞት ይሆናል ብዬ ጎረቤታችን የኔሰው ቤት ወስጄ ሰካሁት። የኔሰው ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው። በሰፈራችን ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ ለሁሉም ያወጣው እሱ ነው።

"ደግፌ፣ ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?" አለኝ አፍንጫውን እየነፋ።

"አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሸተው።"

"አዲስ ዕቃ? እኔን ገንፎ አሰኘኝ እኮ።"

"ቴክኖሎጂ ነው፤ አትጠጋ!"

እዚያም አልበራም። ወደ ቤቴ ተመልሼ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ያለችውን ቁልፍ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጫንኳት። ሪሴት ይሉታል። እምቢ አለ። ከዚያ የድሮ ባለሙያ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ከኤርበዱ ሥር ያሉትን የብረት ነጥቦች በምላሴ ቀመስኩ። ኤሌክትሪክ ካለ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። አልቆነጠጠኝም። እንዲያውም ለስለስ ያለ፣ ጨው ያልነካው ጣዕም ነበረው።

የእኔ ዘመን ሰው የራዲዮ ድንጋይ ያስታውሳል። ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥርስ ያለው ደግሞ ነከስ ነከስ ያደርገዋል። ነፍስ ይዘራና ቢያንስ ዜናውን አስጨርሶ ይሞታል። ድንጋይም ባትሪ፣ ይሄም ባትሪ። መሰላል አቆምኩና ኤርበዶቹን ከነሳጥናቸው ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣኋቸው። የዚያን ቀን ፀሐይ እንኳን ባትሪ ሙት ታስነሳለች።

ቆየት ብዬ ስወጣ የየኔሰው ድመት ጣሪያው ላይ ተጋድማ፣ አንዱን ኤርበድ በሁለት እግሯ መሐል ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትልሰዋለች።

"የኔሰው! ድመትህን ጥራ!"

"ተዋት፣ ሙዚቃ እያዳመጠች ነው!" አለ ከአጥሩ ማዶ። "ምን አድርገህበት ነው ግን? ስጋ ስሰጣት እንኳ እንደዚህ ሆና አታውቅም።"

ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ድመት እኛ የማንሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ውስጡ ቀርቶ የነበረ ሞገድ ስቧት ነው። ነጥቄ ሳየው ኤርበዱ ወዝቷል፤ እላዩ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። እርጥበት! በሽታው ተገኘ። ውሃ የገባበትን ስልክ ሰው ሁሉ ሩዝ ውስጥ ነው የሚቀብረው። ቤት ውስጥ ሩዝ አልነበረም፣ ጤፍ ግን ነበረ። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ ኤሌክትሪክም ብረት ይወዳል። ስለዚህ ከሩዝ ይበልጣል ብዬ ጤፍ ውስጥ ቀበርኩት።

ሳወጣው ቀዳዳው ሁሉ ጤፍ ጎርሷል። ነጩ ኤርበድ ሰርገኛ መስሏል። ባራግፈው አይራገፍም፤ ባንኳኳው አይወድቅም፤ ሙጭጭ ብሏል። ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ባስተኛው ቀይም የለ፣ አረንጓዴም የለ።

እዚህ ላይ ዓለም ላይ ያለ መሐንዲስ ሁሉ የሚደርስበት መደምደሚያ ላይ ደረስኩ። ዕቃው ፎርጅድ ነው። ልጁ ለልጄ ፎርጅድ ሰጥቷታል።

ሳምሪ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ኤርበዱን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"አባዬ፣ እባክህ እሱን አትጥራው። ለእኔ ስትል።"

"ሽማግሌ ሊልክ ነው እኮ! ከመምጣታቸው በፊት ካልተነገረው መቼ ሊነገረው ነው?"

ደወልኩለት። የሱቁን ሽርጥ እንኳ ሳያወልቅ መጣ፤ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። ግቢያችን ጢም ብሎ ሞልቷል። ከቀራንዮ እስከ አየር ጤና ያለ ሰው የቀረ አይመስለኝም። የኔሰው ደግሞ በርጩማውን ይዞ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል።

"አንተ ልጅ" አልኩት። "በውሸት ዕቃ የተጀመረ ትዳር በምን ያልቃል?"

ጉሮሮውን ጠረገ።

"የሸጠልህ ሰው አታለለህ እንበል። አንተ ዓይን የለህም? ልጄን በፎርጅድ ልትወስዳት ነው?"

"ፎርጅዱ!" አለ የኔሰው ጭኑን በጥፊ እየመታ። ስም ሲያወጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው። "ፎርጅዱ አማች! በቃ፣ ተጠመቀ።"

ሳምሪ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቃለጽድቅ ኤርበዱን ተቀበለኝ። የብረቱን ነጥብ በጥፍሩ ፋቅ አደረገና ጥፍሩን አየ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከዚያ ቀና ብሎ ኮፍያዬን አየ። ያን ጊዜ ከኮፍያዬ ሥር፣ በጆሮዬ ጀርባ፣ አንድ ነገር ወደ አንገቴ እየወረደ ነበር። ላብ ነው፤ ሙቀት ነበር። እሱ ያቺን ላብ እስከ ኮሌታዬ ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

ጆሮዬ ጋለ። ፊቴ ጋለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። ለእሱ ነው ያፈርኩት። ሰው በሰው ፊት እንዲህ ተጋልጦ ማየት ያሳፍራል፤ ሌላ በምን አፍራለሁ? ግን በዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው።

ጉሮሮውን ደግሞ ጠረገ። የኔሰውን አየ፣ ሳምሪን አየ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ" አለ። "በደንብ ሳላየው ነው የገዛሁት።"

በቃ፣ ይህንኑ ነው ያለው። አንገቱንም ደፋ።

እኔም ልቤ ራራ። ኤርበዱን ከእጁ መልሼ ወሰድኩና በአውራ ጣቴ አንድ ቦታ ጫን አደረግኩት። የቱ ቦታ እንደሆነ የሙያ ምስጢር ነው። ቀይ! ቀጥሎ አረንጓዴ! ግቢው በእልልታ ተናጠ። የኔሰው ከበርጩማው ወደቀ። ቃለጽድቅ ጉልበቴን ስሞ "ጋሼ፣ ከዚህ እፍረት ያወጡኝ እርስዎ ነዎት" አለ።

እዚህ ጋ ሰርኬ "እህ" እስክትል ጠበቅኩ። ክሯን በጥርሷ እየቆረጠች ነበር።

ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈሩ "ፎርጅዱ" ይለዋል። የአየር ጤና የታክሲ ረዳቶች እንኳ ስሙን ለምደውታል፤ "ፎርጅዱ፣ ግባ፣ አንድ ሰው ብቻ!" ይሉታል። ይገባል። እኔ ከሩቅ ካየሁት ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ እኔን አይቶ እንዳይሸማቀቅ ብዬ ነው። ቤት ሲመጣም መኝታ ቤት ውስጥ ሥራ አላጣም። በግድግዳው ውስጥ ይሰማኛል፣ በመጣ ቁጥር ተመሳሳይ ነገር ነው የሚለው፤ "ጋሼ ደህና ናቸው? ራሳቸውን ተሻላቸው?"

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቶሎ ብሎ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። ያበደረኝን ነገር የረሳ ሰው መስሎ። ያን ጊዜም ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ወዲህ የመጋሉን ምክንያት ሳስብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ቀን አለ፤ የደም ብዛት ይሆናል።

የእሁዱ ንባብ መዝጊያ እንዲህ ይላል፦ "ስለዚህ ዘመዶቼ፣ ፎርጅድ ይዞ የመጣውን ልጅ ኦሪጅናል አድርጌ መልሼላችኋለሁ።" እዚህ ላይ ለጭብጨባ ትንሽ ቦታ ትቻለሁ።

"እንዴት ነው?" አልኳት ሰርኬን።

ነጠላውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሳምሪ ከወዲያኛው ክፍል እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ደጌ፣ እህ የምልህ እየሰማሁህ ነው ለማለት ነው።"

"እኮ።"

"ግቢው ውስጥ ከየኔሰው በቀር ሰው አልነበረም።"

"እሱ እንኳ ለማሳመር ያህል ነው…"

"እልል ያለም የለም። በአንተ እጅም አልበራም። ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲያደርግ ሰማህና ሽንት ቤት ገብተህ ዘጋህ። እስኪሄድ አልወጣህም።" ከነጠላው ላይ የክር ብጣሽ አነሳች። "አሁን የተቀመጥክበት በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠው። እኔ ጥጥና አልኮል ሰጠሁት። ጤፉን በመርፌ እየለቀመ አወጣ፣ ቅቤውን ጠረገ፣ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። በራ።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"'ግድ የለም፣ ለየኔሰው እኔ እነግረዋለሁ፣ ያንን ስም ይተውልህ' አልኩት። እምቢ አለኝ።"

"ምን ብሎ?"

ሰርኬ ነጠላዋን መልሳ አነሳች። የቀረውን ያለችው ወደ ክሯ እያየች ነው።

"'ተዉት እትዬ፣ እኔ ስሙን እለምደዋለሁ። እሳቸው ግን በዚያ ኮፍያ ሽማግሌ ፊት የሚቀመጡ ሰው ናቸው፤ አይሳቅባቸው' አለኝ።"

ኮፍያዬን ወደ ታች ልስብ እጄን ሰደድኩ። ራሴ ላይ አልነበረም።