የተደፋው ሸክላ

የሙዚየሙን ጽዳት ሠራተኛ ሁሉም «ቀደዳው» ይለዋል። «አንዴ አስነጥሼ ሦስት ሐውልት ፊቱን አዙሯል» ብሎ የማለ ሰው ነው። ያን ቀን የደረሰበት ግን እውነት ነው።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ የጥንት ጽሑፍ የምታጠናውን የዶክተሯን ክፍል ሊወለውል ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሣጥን የሸክላ ስብርባሪ ነበር፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ጭቃው እርጥብ ሳለ በሸምበቆ ጫፍ የተጻፈበት። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ከሥሩ ተቀምጧል። ቀደዳው ዞር ሲል የመወልወያው እንጨት ሁለቱንም ሣጥን ግልብጥ! ደግነቱ ጠረጴዛው ስፖንጅ ለብሷል፤ አንድም አልተሰነጠቀ። ወረቀቶቹ ግን እንደ ቢራቢሮ ተበተኑ።

ልቡ ከደረቱ ወጥታ ኮሪደሩን ሁለቴ ዞራ ተመለሰች። ባለፈው ወር ማሰሮ ሰብሮ ኃላፊው «አንዴ ከደገምክ ደህና ሰንብት» ብሎታል፤ ቤት ደግሞ ሦስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል።

ፊደሉን አያውቅም። ጭቃ ግን ያውቃል፤ ያደገው አባቱ ጡብ ሲሠራ ጭቃ እየረገጠ ነው። ስለዚህ በአፈራቸው ለያቸው፤ ጭዳሙን ከጭዳም፣ አሸዋማውን ከአሸዋማ። አንዱን ካንዱ ሲያስጠጋ ሁለት ቁራጮች ግጥም አሉ።

ዶክተሯ ገብታ «ምን አረግከኝ!» ብላ ጮኸች።

«የደፋሁት እኔ ነኝ ዶክተር። ድመት ናት ልል ነበር፤ ድመት የለንም።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና የተጋጠሙትን አየች። ከተለያየ ሣጥን የመጡ ናቸው። «የዚህን ግማሽ ስምንት ዓመት ፈለግኩት!» ብላ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር፤ «ሊቡ… ቢቱ… ሹሙ…»

«ልብ፣ ቤት፣ ስም! ይሄማ ዘመድ ነው!»

«አካድኛ ነው፤ የሴም ቋንቋዎች የምሥራቁ ቅርንጫፍ። የቅድመ አያታችን ወንድም በለው፤ ልጅ ሳይተካ የሞተ።»

«ነፍስ ይማር። ምን ይላል ታዲያ?»

«የአንዲት ሴት ደብዳቤ ነው፤ ወንድሟ ገብስ ልኮላት ታመሰግናለች። ልቤ ደስ አለው፣ ቤቴ ጠገበ፣ ስምህ ይባረክ ትለዋለች።»

ኃላፊው በጩኸቱ መጣ። «ማነው ያተራመሰው?»

«ማነው የገጠመው ይበሉ» አለች ዶክተሯ። «እሱ ከሄደ እኔም ቁልፌን አስረክባለሁ።»

ኃላፊው ሸክላውን አየ፣ እሷን አየ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ።

ቀደዳው እጅ ነሣት። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ «አባባ፣ አፈሩ ይቅለልህ! ጭቃ አስረገጥከኝ ብዬ ስንት ዓመት አማሁህ፤ ለካ እንጀራዬን ነበር የምታቦካልኝ» አለ።

ዶክተሯ ከመደርደሪያው አራት ሣጥን አውርዳ ፊቱ ደረደረች።

«በል ወንድሜ፣ እነዚህንም ድፋልኝ።»