ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሽቦ

ወንድሜን፣ እኔ ጋሼ የምለውን፣ ሰፈሩ «ዶክተር ፍሬን» ይለዋል። የፊት መብራት ተቃጠለብኝ ብሎ የመጣ ሰው እንኳ፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ አራቱም ጎማ ወልቆ ፍሬኑ ካልታየ ከጋራዡ አይወጣም። «ኧረ በፈጠረህ፣ እኔ አምፖል ነው የጠየቅሁህ» ብሎ የሚቆጣ አለ። ጋሼ ፈገግ ብሎ ብሎን መፍታቱን ይቀጥላል። ደንበኞቹም ጠባዩ ነው ብለው ለመዱት። ምክንያቱን የምናውቀው እኛ የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበርን። እኛም ብንሆን አውቀነው አልነበረም።

አባታችን የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ሹፌር ነበሩ። የሚነዷት መኪና ካዲላክ የምትባል የአሜሪካ መኪና ናት፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ርዝመቷ ከሳሎናችን የሚበልጥ፣ ከኋላዋ እንደ ዓሣ ክንፍ ብድግ ያለ ላሜራ ያላት፣ በኒኬሏ ሰው ጢሙን ሊላጭበት የሚችል። «ልጆቹን እኔ ላጥብ፣ እሱ እሷን ይጠብ፤ ሥራ ተከፋፍለናል» እያለች እናታችን ትቀልድ ነበር። አባባ ግራኝ ናቸው። መፍቻ ሲይዙ፣ ጨርቅ ሲያሹ፣ ገመድ ሲቋጥሩ ሁሉ በግራ ነው። እሳቸው ያሰሩትን የልብስ ማስጫ ሽቦ ለመፍታት እማዬ ሁልጊዜ ትሳሳታለች፤ ፈታሁት ስትል ይብስ ይጠብቅባታል።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የመልቀቂያ ፈተናዬ ቀን ረፈደብኝ። አባባ ነጋዴውን በሌላ መኪና ሊያደርሱ እየተጣደፉ ነበር። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የካዲላኳን ቁልፍ ለጋሼ ሰጡት። «አድርሰሃት ቶሎ ተመለስ» አሉት። ጋሼ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወሩ። ቁልቁለቱ ላይ «ፍሬኑ አልያዘም! ሚጢዬ፣ አልያዘም!» ብሎ ሲጮህ እሰማለሁ። ከዚያ የድንጋይ አጥር መጣ። ዳሽቦርዱ ግራ እግሬ ላይ ተቀመጠ።

እግሬ አልተቆረጠም፤ ግን ጉልበቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታጠፍም። ጋሼ ግንባሩ ከመሰንጠቁ በቀር ምንም አልሆነም። ይህም እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። የትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀው «ፍሬኑ አልሠራም» አለ። ፖሊሱ ወደ አባባ ዞሮ «ሹፌሯ እርስዎ ነዎት፤ ፍሬኗ እንዴት ነበር?» አላቸው። አባባ «ደህና ነበር» አሉ። ያን ያህል ዘመን የነዳ ሰው ከመሰከረ በኋላ ማን ይከራከራል? ሥሯ ገብቶ ያየ የለም። ልጁ አብርሮ ነው ተባለ። ጩኸቱን በጆሮዬ የሰማሁት እኔ እንኳ ውዬ አድሬ፣ ደንግጦ ፍሬኑን ስቶት ይሆናል ማለት ጀመርኩ። የሚገርመው ጋሼም ራሱ እንደዚያው ማለት ጀመረ። «ምናልባት አልረገጥኩት ይሆናል» ብሎኛል አንድ ቀን፣ እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር እያየ።

ነጋዴው በዚያው ዓመት አረፉ። መኪናዋን ግቢያቸው ጓሮ ባለ መጋዘን ውስጥ ገፍተው ዘጉባት። እዚያው ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ሆንኩ፤ እጅ እንጂ ጉልበት የማይጠይቅ ሥራ መርጬ ነው። ጋሼ መካኒክ ሆነ። እማዬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሞተች።

ዓምና የነጋዴው ሚስት፣ አባባ «እሜቴ» የሚሏት፣ ግቢውን ልትለቅ ስትል ጋሼን አስጠራችው። «ይህን ብረት ካልወሰድክልኝ ለአቅላጮች ልሰጠው ነው» አለችው። ጋሼ ያን ቀን ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ መጣ። አባባ ግን ሰምተው ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ይቅለጥ» አሉ። «የሞተ አይቀሰቀስም።»

«አባባ፣ በእጄ ያበላሸሁትን በእጄ ላስተካክል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይቅለጥ አልኩህ!»

በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። የእኔ እግር ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣት።

ሥራው አሥር ወር ፈጀ። ወንበሮቹ ውስጥ አይጥ ሰባት ትውልድ ወልዳለች። የወለሉ ላሜራ እንደ ደረቅ ቅጠል በእጅ ይፈረፈራል። ሞተሩ ደርቆ አልዞር አለ፤ ጋሼ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቶ በስምንቱም ቀዳዳ ዘይት እያፈሰሰ ሦስት ሳምንት አስታመመው። በየጠዋቱ በረጅም መፍቻ ትንሽ ይሞክረዋል፤ እምቢ ካለው «እሺ፣ ተኛ» ብሎት ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። በሃያ ሦስተኛው ቀን የጣት ስፋት ያህል ዞረ። ጋሼ ሲሮጥ መጥቶ ከስፌት መኪናዬ ላይ ነጠቀኝና አቀፈኝ፤ ቀሚሴ የጥቁር ዘይት እጅ ታተመበት። እኔም አሮጌውን ቆዳ በየስፌቱ ፈትቼ፣ ቅዱን በወረቀት አንስቼ፣ ስፕሪንጎቹን አንድ በአንድ አሰርኩ። ያን ጊዜ ደስተኞች ነበርን ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፊተኛውን ወንበር ልኬት ልወስድ ጋራዥ ስደርስ ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሟል። መፍቻው አይሰማም። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

«ጋሼ?»

የእጅ ባትሪው ከሥር ጠፍቶ በራ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ወርደሽ ማየት ትችያለሽ?» አለኝ። ድምፁ የእሱ አልነበረም።

ጉልበቴ ባይታጠፍም በጎኔ ተኝቼ ተንፏቅቄ ገባሁ። በባትሪ ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ አበራልኝ። የዚያን ዘመን መኪና የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም አይይዙም። ብረቱ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠው ቦታ በጣት ርዝመት የጎማ ቱቦ ተቀጥሏል። ጎማው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ሁለቱ ጫፎቹ በመዳብ ሽቦ ታስረዋል። ጋሼ ሽቦውን በጥፍሩ ነካ አደረገው። ጥምዝምዙ እንደ ልብስ ማስጫችን ሽቦ ወደ ግራ ነበር።

አጠገቤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ረግጬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሚጢዬ፣ ረግጬው ነበር እኮ።»

ቱቦውን ከነቅጥሉ ቆርጦ በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሆድ ይፍጀው» አለ። «ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ብናገር ምን ሊበጀኝ?»

«ለአንተ ባይበጅህም እግሩ የእኔ ነው» አልኩት። «ስጠኝ።»

አባባ ክፍላቸው ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ጋሼ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

አባባ አዩት። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነስቶ ወደ ቱቦው ሄደና ሳይነካው ተመለሰ።

«ለአንድ ቀን ብዬ ነበር» አሉ። «ቱቦው ዝጎ ተበሳ። መለዋወጫው እስኪመጣ ወር ይፈጃል፤ እሜቴ ደግሞ በማግሥቱ እንግዳ አለብኝ ብለው ነበር። እኔው ቀስ ብዬ እነዳታለሁ፣ ከእኔ በቀር ማን ይነካታል ብዬ ቀጠልኩት። ጠዋት በዚያ ጥድፊያ ቁልፉን ስሰጥህ... ረስቼው ነበር። እምላለሁ፣ ረስቼው ነበር። ተጋጨች ሲሉኝ ነው ትዝ ያለኝ።»

«መርሳቱን ሰው ይረሳል» አለ ጋሼ ከበሩ። «ፖሊሱን ‹ደህና ነበር› ያሉት ግን ረስተው አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ሥራዬ። ቤቱ የእነሱ ነበር፣ የምንኖርበት። እስር ቤትም ታየኝ። እስኪረጋ ልቆይ አልኩ። ቆየሁና... ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? ደረቀብኝ። በየዓመቱ ልንገርህ ብዬ እነሳለሁ፤ በየዓመቱ ይከብዳል።»

ጋሼ ያን ጊዜ ገባ። አባባ ፊት መጥቶ ቆመ። ይመታቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም።

«እማዬ ልትሞት ስትል አስጠራችኝ፣ ያስታውሳሉ? እጄን ያዘችና ‹ልጄ፣ የእህትህን እግር ይቅር ብዬሃለሁ› አለችኝ። እኔም እጇን ሳምኩ። እርስዎ የአልጋው ግርጌ ቆመው ነበር።»

አባባ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ቆመው ነበር፣ አባባ» አለ ጋሼ፤ ወጣና ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሰባት ሳምንት አላናገራቸውም። መኪናዋን ይተዋታል ብዬ ነበር፤ አልተዋትም። አዲስ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ ዘረጋ፣ የፍሬን ሸራዎቹን ቀየረ፣ የዋናውን የፍሬን ፓምፕ የጎማ ማሸጊያዎች ለወጠ። እኔ ስለ እግሬ ምን እንደተሰማኝ የሚጠይቁኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር በአባባ ከመናደዴ በፊት በራሴ አፈርኩ። ጩኸቱን ሰምቼ ያላመንኩት እኔ ነኝ። ይህን ለጋሼ ስነግረው «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለኝና ሥራውን ቀጠለ።

በሁለተኛው ሳምንት አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ማንም ይምጡ አላላቸውም። አንድ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡና ከፓራውልቱ፣ ከፊተኛው የግጭት መከላከያ፣ አጠገብ የነበረውን ጨርቅ አነሱ። ኒኬሉን መወልወል ጀመሩ። ጋሼ አየ፤ አልከለከላቸውም። በማግሥቱም መጡ። በቀን የአንድ ጋዜጣ ስፋት እንኳ አይጨርሱም። ሲደክማቸው እኔ ውሃ እሰጣቸዋለሁ። ሦስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር እንሠራለን፤ የሚናገረው የእኔ የስፌት መኪና ብቻ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ መኪናዋ መንገድ የወጣች ቀን አባባ «እሜቴ ዘንድ ውሰዱኝ» አሉ። ጋሼ ነዳ፤ አባባ አጠገቡ፤ እኔ ከኋላ። ሴትየዋ ከልጇ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከነወንበሯ በረንዳ ላይ አወጧት። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙና ሁሉንም ነገሯት፤ ቱቦውን፣ ቁልፉን፣ ፖሊሱን። «ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጁ አልነበረም፣ እሜቴ» አሉ።

ሴትየዋ ቁልቁል ወደ መኪናዋ ታያለች። «እንዴት አምሮባታል!» አለች። «ሹፌር፣ ጌታዬ በየትኛው በር ነበር የሚገቡት?» በእነዚህ ወራት አእምሮዋ ደክሟል፤ አደጋውን ጨርሶ አታስታውሰውም። አባባ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እሷ ስለ ቀለሙ ጠየቀች። ልጇ አዝኖ «ይተዉት፣ አባቴ» አላቸው።

ስንመለስ አባባ መንገዱን እያዩ ተናገሩ። «የምነግረው ሰው ፍለጋ ነው የደከምኩት። የበደልኩት አንተን ነው። በድዬሃለሁ፣ ልጄ።»

ጋሼ መኪናዋን ዳር አስያዘ። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። «ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እዋሻለሁ» አለ።

«አትዋሽ። በዚህ ቤት ውሸት ይብቃ።»

«ነገ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

መጡም። የዚህ ዓይነት መኪና ተሠራች ተብሎ አይተኛም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትነሳለች፣ ዘይቷ ይታያል፣ የካርቡራተሯ ጠባይ ይጠበቃል። አባባ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ሰላምታ ተመለሰ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል፤ ከዚያ «በልተዋል?»።

ዘንድሮ የፍሬኗ ፈሳሽ የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ። አየሩን ከቱቦው ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሥር ገብቶ ብሎኗን ይከፍታል፣ አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ይረግጣል። እስከዚያ ድረስ የምረግጠው እኔ ነበርኩ። ምርኩዜን ይዤ ስነሳ ጋሼ በእጁ መለሰኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» አለ።

አባባ እኔን አዩኝ። በሩን ከፈትኩላቸው። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይርገጡ» አለ ጋሼ ከሥር።

«ረገጥኩ።»

«እንዳይለቁ። ... አሁን ይልቀቁ። እንደገና።»

አራቱንም ጎማ እንዲህ አዳረሱ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። አባባ ሲወጡ ጋሼ በዘይት እጁ ደገፋቸው። እኔ ዳቦና እንቁላል አምጥቼ ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ጋዜጣ ዘርግተን ምሳችንን በላን። አባባ የእንቁላሉን ቅርፊት መላጥ አቃታቸው፤ ጋሼ ተቀብሎ ላጠላቸው።