ዶክተር ነገ እና አምስቱ ቋንቋዎች

በፍልስፍና ዶክትሬት ለማግኘት ምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ዶክተር ነገ እንደሚያወራው ከሆነ፣ የአንበሳ ልብና የዝሆን ጭንቅላት ነው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ግን እንዲህ አይጨክንም፤ አሥራ ሁለት ኮርስ፣ አንድ አጠቃላይ ፈተና፣ አንድ የውጭ ቋንቋና አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃዋል። «ዶክተር ነገ» ያሉት አብረውት ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ «ነገ እኮ ልመረቅ ነው» ስላላቸው። እሱ ከቅጽል ስሙ የሚሰማው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው።

ኮርሱን ጨርሷል። አጠቃላይ ፈተናውንም በሁለተኛው ሙከራ አልፏል። ፈታኞቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተውልኛል ይላል፤ መነሣቱንስ ተነሥተዋል፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ። አሁን በሁለት ሳምንት ውስጥ የቋንቋውን ፈተና ካላለፈ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የሰባት ዓመት ልፋት ውኃ ይበላዋል።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ፋይሉን ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ዓይኗን ተከለች።

«ምነው እኅቴ፣ የእጅ ጽሑፌ ውበት ነው ያፈዘዘሽ?»

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚፈተኑት?»

«ጀርመንኛውን? ሐሙስ ነዋ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ግሪክኛውን፣ ላቲኑን፣ ፈረንሳይኛውንና ሳንስክሪቱን ነው የምልዎት።»

የዛሬ ሰባት ዓመት የሞላው ቅጽ ነበር። «የሚያነቧቸው የውጭ ቋንቋዎች» ይልና አምስት መስመር ይተዋል። አንዱን ሞልቶ አራቱን ባዶ መተው ሠርግ ቤት ባዶ እጅን እንደ መሄድ መስሎት፣ ሁሉንም ሞላቸው። ከሥር በደቃቅ ፊደል «አመልካቹ በሞላው ቋንቋ ሁሉ ይፈተናል» ይላል። ደቃቅ ፊደል ለተራ ሰው የሚጻፍ ይመስለው ነበር።

አማካሪው ዘንድ እያለከለከ ደረሰ። አማካሪው እሱ ራሱ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረው ልጅ ነው፤ «ያን ጭንቅላት የጠረብኩት እኔ ነኝ» እያለ ይኩራራበታል።

«ቀላል ነው ጋሼ፣» አለ የተጠረበው ጭንቅላት ሳቁን እየዋጠ። «አላውቃቸውም ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። ኮሚቴው ይሰርዝልዎታል።»

«አላውቃቸውም እንኳ ከበድ ይላል። በጥልቀት አልገፋሁባቸውም ብልስ?»

«የሳንስክሪትን ፊደል ይለያሉ?»

«ሳየው የማጣው አይመስለኝም።»

«ጋሼ!»

ቤቱ ገብቶ ሦስት ገጽ ጻፈ። ስለ ቋንቋ ፍቅር፣ ስለ ትዝታ መደብዘዝ፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች የመርሳት ጠባይ። በማግሥቱ ጸሐፊዋ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼ፣ ኮሚቴው ይህን ካየ ስድስተኛ ቋንቋ ይጨምርብዎታል።» ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገችለት። «አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

እስክሪብቶው የድንጋይ ያህል ከበደው። «ከጀርመንኛ በቀር የሞላኋቸውን ቋንቋዎች አላውቅም።» ለወትሮው ግማሽ ገጽ የሚወስደው ፊርማው ያን ቀን ከጉንዳን አልበለጠም።

ሐሙስ መዝገበ ቃላቱን ታቅፎ ከአንድ ገጽ ጀርመንኛ ጋር ሁለት ሰዓት ተናነቀ። ግሱን እንደ አማርኛው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያገኘው፣ በሰው አገር የአክስቱን ልጅ ያገኘ ያህል ደስ አለው። ዓርብ ውጤቱ ተለጠፈ። ማለፊያው ሃምሳ፣ የእሱ ሃምሳ አንድ።

ቤት ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እግሯን ከመኪናዋ መርገጫ ላይ አነሣች።

«እሺ?»

«አልፌያለሁ።»

«በስንት?»

ዘጠና ስድስት የምትለዋ ቁጥር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። «በሃምሳ አንድ።»

ሚስቱ ጨርቁን ጥላ ተነሣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እሰይ! እውነትም አልፈሃል ማለት ነው! ዘጠና ምናምን ብትለኝ ኖሮ በቃ ወድቋል ብዬ ነበር።»

ዶክተር ነገ መልሶ አቀፋት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለነገሩ ከተፈተነው ሁሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የተፈተናችሁት?»

«ብቻዬን።»